ማሽኑስ ይምጣ፣ ስትሪፑን ማን ይግዛው?

ሰሞኑን ስለ ባዮሴንሰር (እንደ ቤት የስኳር ማሽን ያለ መለኪያ ማለት ነው) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ ልጆች ስልክ ሲዟዟር ሰነበተ። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም። ኮምቦልቻ ተወልዶ እንዳደገና አሁን ውጭ አገር በኤሌክትሮኒክስ ሙያ እንደሚሠራ ግን ነግሮናል። የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው። ባዮሴንሰር የሚባል አዲስ ቴክኖሎጂ መጥቷል። ከእንግዲህ አንድ ጠብታ ደም ለሁሉም ምርመራ ይበቃል፣ ላብራቶሪ ያረጀ ነገር ነው። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር የመጨረሻ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ከመወጋት ተገላገለ። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሴንሰሩን እያየ መጠኑን ራሱ ያስተካክላል። ስለዚህ ውጭ ያለን ልጆች እናዋጣና ለየቤቱ ማሽን እንላክ ይላል።

በቅንነት እንደጻፈው አልጠራጠርም። እኔ ደግሞ እዚሁ ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። «እንጀራው ተነክቶበት ነው» የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ጽሑፉን አንብበው «ካሁን ወዲያ ለምርመራ አልመላለስም» የሚሉ ታካሚዎች እየገጠሙኝ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

አዲስ ነው ላለው፣ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ኦክስጅን የሚለካውን ኤሌክትሮድ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ1962 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ሆኖ እዚያ ኤሌክትሮድ ላይ ኢንዛይም ቢጨመር ስኳር መለካት እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ሐሳብ የተሠራው የመጀመሪያ ማሽን በ1975 ለገበያ ቀረበ። ያ ማሽን የገባው ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። ዛሬም ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ሶዲየምና ፖታሺየም የሚለካው በሴንሰር ነው። እንግዲህ ሴንሰርና ላብራቶሪ ምን ያጣላቸዋል? ይህችን በዚሁ ልለፋት።

አንድ ጠብታ ደም ለሁሉም ይበቃል የሚለውን ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም። ይህን ቃል የገባ ኩባንያ ከዚህ በፊት ነበር። ቴራኖስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ። ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በመቶ የሚቆጠር ምርመራ እሠራለሁ አለ። ዋጋው በቢሊዮን ዶላር እስኪገመት ድረስ ሰው አመነው። መጨረሻው ፍርድ ቤት ሆነ። መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች።

ገንዘብ አላነሳቸውም፣ ባለሙያም ሞልቷቸው ነበር። የተፈጥሮን ልክ ግን በገንዘብ ማለፍ አይቻልም። ጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለው። ይህ ለሴንሰር ሰፊ ሜዳ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመምን ለመለየት የምንለካው ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ግን አንደኛው ዓይነቱ በሊትር 14 ናኖግራም ሲያልፍ ነው የሚያሳስበን። ልዩነቱ ከ60 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ስኳሩን ያየ ስትሪፕ (ደም የሚነካው ቀጭኑ መመርመሪያ) ትሮፖኒኑንም በዚያው ዘዴ ያያል ማለት አይቻልም። ሌላም አለ። ጣት ሲጨመቅ ደሙ ከሥጋ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፣ ቀይ የደም ሴሎችም ይፈነዳሉ። ያኔ ፖታሺየም ያለአግባብ ከፍ ብሎ ይታያል። በከፍተኛ ፖታሺየም ሰው ልቡ ሊቆም ስለሚችል፣ በዚህ ቁጥር መሳሳት ቀልድ አይደለም። አንድ ጠብታ ለአንድ ነገር ይበቃል፣ ለተወሰኑ ነገሮችም ሊበቃ ይችላል። ለሁሉም ያለው ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጸሐፊው የአክስቱን ነገር አንስቷል። ኮምቦልቻ ቤታቸው ስኳራቸውን ሲለኩ 240 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ወጣ። በዚያው ጠዋት ጤና ተቋም ሄደው ላብራቶሪ ሲሠራላቸው 190 ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ ላብራቶሪው ተሳስቷል ብሎ ደመደመ። ይህን ክርክር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አንዳንዱ ላብራቶሪው ነው ይላል፣ አንዳንዱ ማሽኑን ይሰድባል። ቁጥሮቹ ከምን እንደተወለዱ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላይም።

የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ጫፉ ላይ የደረቀ ኢንዛይም አለው። ደሙ ሲነካው ኢንዛይሙ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ኤሌክትሮኖችም ይለቀቃሉ። ማሽኑ የሚቆጥረው ያንን ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። በሌላ አነጋገር ማሽኑ ስኳር አይቶ አያውቅም። የሚያየው ስትሪፑ የላከለትን ፍሰት ነው፣ ቀሪው ስሌት ነው። ስትሪፑ ከተበላሸ ማሽኑ ያንኑ የተበላሸ ነገር በሚያምር ቁጥር ጽፎ ያወጣል።

ደህና ማሽንም ቢሆን ልክ የሚባልለት ወሰን አለው። አይኤስኦ 15197 የተባለው የስኳር ማሽኖች ዓለም አቀፍ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደተሻሻለው፣ ስኳሩ ከ100 በላይ ከሆነ ከመቶ 95ቱ ውጤት ከትክክለኛው 15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይጠይቃል። ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ ከ15 ሚሊግራም በላይ እንዳይርቅ። እንግዲህ የአክስቱ እውነተኛ ስኳር 190 ከሆነ ማሽኑ ከ162 እስከ 218 ቢያሳይ ጥፋት የለበትም። 240 ግን ከወሰኑ ውጭ ነው። አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው።

ምን ሊሆን ይችላል? በመጀመሪያ የምጠይቃቸው እጃቸውን ታጥበው እንደሆነ ነው። ማንጎ ወይም ብርቱካን ልጦ ሳይታጠብ ጣቱን የሚወጋ ሰው የሚለካው የደሙን ስኳር ብቻ አይደለም። በረመዳን ደግሞ ይህ በጣም ይበዛል። በቴምር ያፈጥሩና በዚያው ጣት ይለካሉ፣ ከዚያ 300 አየሁ ብለው ይደነግጣሉ። ነገሩን ካነሳሁት አይቀር፣ ጣትን ወግቶ መለካት ጾም አያስፈታም፤ የሃይማኖት ሊቃውንትም ሐኪሞችም በዚህ ይስማማሉ። በጾም ሰዓት ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ግን ጾሙን መፍታት እንደሚያስፈልግ የሕክምናው መመሪያ ይናገራል። ቀን ቀን ሳይለኩ ወድቀው የሚመጡ አባቶችን አይተናል።

ሁለተኛው የስትሪፑ አያያዝ ነው። ብዙዎቹ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወዱም፣ እርጥበትም ጠላታቸው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ቅዝቃዜዋ ለስትሪፕ ይስማማል። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ በበጋ ከሰዓት ምን እንደምትመስል የተወለደባት ልጅ ያውቃል። ባቲና ከሚሴማ አይነሳ። ስትሪፑን በሚኒባስ ጋቢና መስተዋት ሥር አስቀምጦ ሐረጎን የወረደ ሰው፣ ስትሪፑን ቀቅሎታል ብል አልተጋነነም። ብልቃጡን ከፍቶ የሚተውም አለ። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር ያለው ያለምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው የታካሚው ደም ራሱ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ስኳሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቀይ ሴሉ የበዛበት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ ዘመናዊ ማሽን ይህን ያስተካክላል፣ ሁሉም ግን አይደለም። የደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር «ስኳርሽ ጨምሯል» ተብላ መርፌ ቢጨመርላት አደጋው የሁለት ነፍስ ነው።

አሁን ላብራቶሪውን ልክሰስ። ጸሐፊው ግማሽ እውነት አለው። ደም ተቀድቶ ሳይጣራ (ሴሎቹ ከፈሳሹ ሳይለዩ) ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል። በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የአክስቱ ደም ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቆ ከሆነ 240 የነበረው ወደ 210 ይወርዳል። መብራት ጠፍቶ ደም ማጣሪያው ቆሞ ከነበረ ደግሞ ከዚያም በታች። ስለዚህ የቱ ልክ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው ካለ፣ ናሙናው መቼ ተቀዳ፣ መቼ ተጣራ፣ እጅ ታጥቧል ወይ፣ ስትሪፑ መቼ ተከፈተ ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ያለዚህ መልስ የለኝም። ጸሐፊውም ሊኖረው አይችልም።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ማሽን የታወቀ ሕመምን ለመከታተል ነው። «የስኳር በሽታ አለብህ» ለማለት አይደለም። ለዚያ በላብራቶሪ የተሠራ የጾም ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ምልክት ከሌለም ሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ጎረቤት ማሽን ተውሶ 130 አይቶ ሥጋት ውስጥ የገባ ሰው ጸሐፊውን ሳይሆን ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ።

ስለ ወባ አርዲቲ (በጣት ደም ወባን በፍጥነት የሚመረምር ስትሪፕ) ያለውን ባጭሩ። «አርዲቲ ማይክሮስኮፕን ጡረታ አወጣው» ብሏል። በአገራችን በተለይ ይህን ማለት አይቻልም። በብዛት ሲሠራበት የቆየው አርዲቲ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተሕዋስ የሚለየው ተሕዋሱ በሚያመርተው አንድ ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን የሚያመርተውን ጂን የጣለ ተሕዋስ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ይህን አሳይቷል። ተሕዋሱ በደሙ እያለ ስትሪፑ «የለም» ይላል። በተቃራኒው ታክሞ የዳነ ሰው ላይ ያ ፕሮቲን ለሳምንታት ስለሚቆይ «አለ» ይላል። ከቃሉ ቆላ ወይም ከቦርከና ዳር ትኩሳት ይዞ የመጣ ሰው አርዲቲው ነጻ ስላለው ብቻ ወደ ቤቱ አይሸኝም። ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ስኳርን ለመከታተል ክንድ ላይ ስለሚለጠፈው ሴንሰር የጻፈው ግማሹ ልክ ነው። ለሕፃናትና በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቢገኝማ እኔም ደስ ባለኝ። ግን እዚያም ላይ ያልተነገረ ነገር አለ። ያ ሴንሰር የሚለካው ደም አይደለም፣ ከቆዳ ሥር ያለ ፈሳሽ ነው። ስኳሩ ደም ውስጥ ከተለወጠ በኋላ እዚያ ለመድረስ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ስኳሩ በፍጥነት እየወረደ ያለ ሰው ስልኩ «ደህና ነህ» እያለው ሊያልበው ይችላል። ያኔ ጣት መውጋት ግድ ነው። መድኃኒትም ያሳስተዋል። ከቀደሙት ሞዴሎች አንዳንዶቹ ፓራሲታሞል ሲወሰድ ስኳሩን ከፍ አድርገው ያሳያሉ፣ ሌሎቹ በብዙ ቫይታሚን ሲ ይታለላሉ። እኛ ዘንድ ፓራሲታሞል የማይውጥ ማን አለ? ደግሞም አንዱ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። በየሁለት ሳምንቱ የሚተካውን ማን ይልካል የሚለውን ጸሐፊው አላነሳውም።

መድኃኒት ክትትል ላይ ደርሰናል። ለእኔ የጽሑፉ አደገኛ ክፍል ይህ ነው። ሴንሰሩ በደም ውስጥ ያለውን መድኃኒት ይለካል፣ ታካሚው አይቶ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ብሏል። የመድኃኒት መጠንን ሰውነት ውስጥ ሳያቋርጥ የሚለካ ሴንሰር እርግጥ አለ። ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ያሉ ተመራማሪዎች ሠርተው አሳይተዋል። ያሳዩት ግን በአይጥ ደም ሥር ውስጥ ነው። ፋርማሲ የሚሸጥ ዕቃ አስመስሎ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው።

ዕቃው በእጃችን ቢሆንስ? የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይን እንውሰድ። በደም ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ደህና ነው ይባላል። ነገር ግን 90 በመቶ ገደማው አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው። የሚሠራው ያልተጣበቀው ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው አልቡሚኑ ዝቅተኛ ስለሆነ አጠቃላይ ልኬቱ 8 ቢያሳይም የሚሠራው መድኃኒት በቂ ሊሆን ይችላል። «አነሰ» ብሎ ቢጨምር ይመረዛል። ደግሞ ፌኒቶይን ትንሽ ሲጨመር በደም ውስጥ በብዙ ይዘላል። ቁጥሩን አይቶ ራስን ማከም የማይቻለው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ሳያነሳው ያለፈው፣ እኔ ብሆን ግን በሰፊው የምጽፍበት አንድ ዕቃ አለ። የአይኤንአር መለኪያ። እሱም ባዮሴንሰር ነው። ሕልም አይደለም፣ በእጅ የሚያዝ ማሽን ነው፣ በጣት ደም በደቂቃ ገደማ ውጤት ይሰጣል። የሚለካው የደም ማቅጠኛ መድኃኒትን መጠን ሳይሆን ሥራውን ነው፦ ደሙ ለመርጋት ስንት ጊዜ ፈጀ የሚለውን።

በአገራችን ከቶንሲል በሚመጣ የልብ በሽታ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ ቀላል የማይባሉት የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ለአብዛኛው ሰው አይኤንአሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በልባቸው ግራ በኩል ባለው ሚትራል ቫልቭ ቦታ የብረት ቫልቭ የተተከለላቸው ከ2.5 እስከ 3.5። ከዚያ ካነሰ ደም ረግቶ አንጎል ሊመታ ይችላል፣ ከበዛ መድማት ይመጣል። ዋርፋሪን ደግሞ በሁሉ ነገር ይናወጣል። ጾም ሲገባ ጎመን በዝቶ ሲበላ ይደክማል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ከሥሩ ያዳክመዋል። ለሆድ ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ያጠነክረዋል። ስለዚህ በየጊዜው መለካት አለበት። ከወረኢሉ ወይም ከደላንታ ደሴ ድረስ ለአንድ ቁጥር የሚመጣ ሰው የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ የቀን ሥራውን ያስቡት። ሪኤጀንት (መመርመሪያ ኬሚካሉ) አልቋል ተብሎ የሚመለስ አለ። ቀጠሮውን ትቶ በግምት የሚውጥም አለ።

«አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ምርመራ አያስፈልጋቸውም፣ ዋርፋሪን ያለፈበት ነው» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የብረት ቫልቭ ላለው ሰው አይሆኑም። ከቶንሲል የመጣ የልብ በሽታና የተዛባ የልብ ምት ባላቸው ከ4,500 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ኢንቪክተስ የሚባል ጥናት ደግሞ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ። ሪቫሮክሳባን ከተባለው አዲስ መድኃኒት ይልቅ የነዋርፋሪን ወገን የሆኑትን የወሰዱት ሰዎች ሞት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዋርፋሪን እኛ ጋ ይቆያል። መለኪያውም ያስፈልገናል።

ያም ማሽን ወሰን አለው። ቁጥሩ ወደ 5 ሲጠጋ ከደም ሥር በተቀዳ ደም ማረጋገጥ ይገባል። ጣት ከተወጋ በኋላ ደሙ ሳይዘገይ ስትሪፑ ላይ መድረስ አለበት፣ ካለዚያ እዚያው መርጋት ይጀምራል። ለየቤቱ አይደለም እያልኩ ያለሁት። ወረዳ ሆስፒታል ላይ አንድ ማሽን፣ አንድ የሠለጠነ ነርስ፣ ስልክ ደውሎ መጠን የሚጠይቀው ሐኪም።

በመጨረሻ የማዋጣቱ ነገር። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ምን እንዳጣን አውቃለሁ። ማሽን አትላኩ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ችግራችን ማሽን ብቻ አይደለም። የስኳር ማሽን ከውጭ በስጦታ የመጣለት ሰው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ስትሪፑ እዚህ የለማ። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ደሴ ፒያሳና ኮምቦልቻ ያሉትን ፋርማሲዎች ጠይቁ። ሳይቋረጥ የሚገባው የየትኛው ስትሪፕ ነው? ማሽኑን በዚያ ልክ ግዙ።

የቁጥሩንም ዓይነት እዩ። ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የሚመጡት ማሽኖች በሚሊሞል ነው የሚያነቡት። እዚህ የለመድነው ሚሊግራም ነው። አንዱን ሚሊሞል በ18 ማባዛት ያስፈልጋል። 18 የሚል ቁጥር ያዩ እናት «ስኳሬ አልቋል» ብለው ሻይ በስኳር ቢጠጡ አይፈረድባቸውም፣ በእኛ ቁጥር 324 መሆኑን ማን ነገራቸው? ብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው አይቀየሩም።

ከማሽኑ ጋር የኮንትሮል ፈሳሽ ላኩ። ስትሪፑ ደህና መሆኑን የምናውቀው በእሱ ነው፣ ግን ማንም ትዝ አይለውም። ገንዘቡ ከበቃ ደግሞ ከስኳር ማሽን በፊት የአይኤንአሩን አስቡ። ስትሪፑን የዓመት በአንድ ጊዜ አትላኩ፣ ጊዜው መደርደሪያ ላይ ያልፍበታል። በየሦስት ወሩ ከፋፍላችሁ፣ ከሰው ጋር በአውሮፕላን ብትልኩት ይሻላል።